ሞተሩ ይውረድ!

አዲስ አበባ ውስጥ የተበላሸ መኪና ብቻውን አይቆምም። ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ ቀና ሳይል ሎተሪ አዟሪው ደርሷል፤ ከእሱ ኋላ ሊስትሮው፣ ከሊስትሮው ኋላ ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም፣ ክራባት ያሰረ ሰው። የጠራቸው የለም። ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩን ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ አንዱ «ቤንዚን አለው?» ብሎ ይጀምራል። ይህቺ ጥያቄ ሰላምታ ናት፤ መልሷን የሚጠብቅ የለም። ወዲያው ካንዴላ ይነሳል፤ ቦቢና ይነሳል፤ የቤንዚን ፓምፕ ይነሳል። አንድ የሚኒባስ ረዳት በሩጫ መጥቶ አንዱን ገመድ ነቅሎ መልሶ ይሰካና «አሁን ሞክረው» ይላል። ባለቤቱ ይሞክራል፤ አይነሳም። በመጨረሻ በደርግ ጊዜ ኡራል ይነዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ሰዉን ገለል ገለል አድርገው ይገባሉ። ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ያሸታሉ፤ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው ያሻሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ሐዘን አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ሞተር መውረድ አለበት።»

በቃ፣ ፍርድ ነው። ይግባኝ የሚል አይገኝም።

እስቲ ይህን ፍርድ ማን ይጠላዋል? ፈራጁ ትልቅ ነገር የሚያይ ዓይን እንዳለው ይመሰከርለታል። መካኒኩ የሳምንት ሥራ ያገኛል። ባለመኪናው ራሱ፣ ከገንዘቡ በቀር፣ ብዙም አይከፋው፤ ቀለበት መንገድ መሃል ላይ ከኋላው ያለ መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋበት የዋለ ሰው፣ ጥፋቷ የአንዲት ክዳን ጎማ ናት ቢሉት እንዴት ይቀበል? ለሚስቱስ ምን ብሎ ይናገር? «ሞተር ወረደ» ሲባል ግን ዘመድ ደውሎ ይጠይቃል፤ አለቃ ፈቃድ ይሰጣል፤ እድሩ ድንኳን ይዞ ለመምጣት ለጥቂት ነው የሚቀረው።

ብዙ ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ። መውረድ የነበረባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት የወረዱት የባትሪ ገመድ ስለላላ፣ የአየር ማጣሪያ በአቧራ ስለታፈነ፣ ወይም ከቤንዚን ጋር የገባ ቆሻሻ ማጣሪያውን ስለዘጋው ነው። ወርደው፣ ተፈትተው፣ ታጥበው፣ ተገጥመው ሲመለሱ ያው ገመድ እንደላላ ነው። ከዚያ የአንዱ ሰው ክርን ገመዱን ገጨት ያደርገውና መኪናው ይነሳል። «አየህ፣ ሞተር መውረዱ በጀ!» ይባላል።

መኪና በእውነት የሚያውቁ ሰዎች ከርካሹና ከቅርቡ ይጀምራሉ። መጀመሪያ በዓይን የሚታየው፣ ቀጥሎ በእጅ የሚነካው፣ ከዚያ በቁልፍ የሚፈታው። ይህ ሥርዓት ግን ተመልካች የለውም፤ ሰው ቆሞ የባትሪ ገመድ ሲጠብቅ ለማየት ማን ይሰበሰባል?

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ትልቁ ሥራቸው ኮሮላቸው ናት፤ ዲኤክስ። ዕድሜዋን ሲጠየቁ «ከሁለተኛው ልጄ ትበልጣለች» ይላሉ፤ ከሁለተኛው ልጃቸው የበለጠ ስለመወደዷ ደግሞ ልጁ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ሰሞን ይህች ኮሮላ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትወጣ ትፈላ ጀመር። ጋሼ ኮፈን ከፍተው ይቆማሉ፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ፍርድ ይሰጣል። ጋራዥ ሲወስዷት ባለጋራዡም ከሕዝቡ አልተለየም። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑን በልቶታል። ቴስታታው ይነሳና ይላጫል። ከተነሳ አይቀር ግን...» አለና ወደ ታች አየ። ከተነሳ አይቀር የሚለው ሐረግ በጋራዥ ውስጥ ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይታገስም፤ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። (ባቄላው አልበስል ብሎ የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው፤ የባለሙያዋ ጥፋት አይደለም።) ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይሠራል። ታዲያ በየመንገዱ ያለው መኪና ሁሉ ለምን አይፈላም ቢባል፣ ዋናው መልስ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከሥሩ ስፕሪንግና ጎማ አለችው። ውኃው ሲሞቅ ይህች ጎማ አፉን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች፤ በዚህ ምክንያት ውስጡ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ይሸሻል። ጎማዋ ደርቃ ከተሰነጠቀች ግን ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው መንገድ ለውኃው ምድጃ ነው። የጋሼ ኮሮላ ውኃም በዚያች ስንጥቅ እየወጣ በጎን በኩል ሲፈስ ነው የከረመው።

ይህን ያገኘው ባለጋራዡ አይደለም። ያልተጠየቀው ረዳቱ ነው፤ ሻይ ሲያመላልስ የሚውል ልጅ። ክዳኑን ገልብጦ አየና፣ ግቢው ውስጥ ከቆመ ሌላ ኮሮላ ላይ ክዳን አውልቆ ገጠመላቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ሽሮ ሜዳ ደርሰው ይምጡ» አላቸው። ደርሰው መጡ። አልፈላችም።

ጋሼ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ክዳኑን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው ሲያዩት ቆዩና «በቃ? ይሄው ነው?» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። ለልጁ ጉርሻ ሰጡት፤ ለሰፈሩ ሰው ግን የነገሩት «ራዲያተሩ ከባድ አደጋ ላይ ነበር፤ በስንት መከራ ተረፈ» ብለው ነው።

ጓርኒሲዮን የሚበላበት ጊዜ የለም አልልም። በዘይት መለኪያው ላይ የወጣው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አላቋርጥ ካለ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አረፋ ከተንፎለፎለ፣ ያን ጊዜ ኡራል የነዱት አዛውንት ትክክል ናቸው፤ ቴስታታው ይነሳ። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የምትታየዋ ነጭ ጭስ ግን ተራ እንፋሎት ናት፤ ማንንም አታስፈራ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማየት ነው። መንገድና ሕንፃ ሲፈርስና ሲሠራ በሚውልበት ከተማ ውስጥ ከዚያ ማጣሪያ የሚራገፈው አፈር አንድ መደብ ጎመን ያበቅላል። ሞተሩ ትኩስ እያለ «ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ልክፈተው» የሚል ጀግና ከተገኘ ደግሞ ሎተሪ አዟሪውም ቢሆን እጁን ይያዘው፤ የታመቀው ውኃ ፊት ነው የሚፈልገው።

ስለ ሙቀት ከተነሳ ቴርሞስታትን ሳላነሳ አላልፍም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክል፣ 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፈት ትንሽ ዕቃ ነው። ከተማችን ውስጥ ስንት መኪና ላይ እንዳለ አይጠየቅ። መኪናው ሞቀ ብለህ ሄደህ ከሆነ መካኒኩ ያወጣዋል፤ ቀዘቀዘ ብለህ ሄደህም ያወጣዋል። «ይሄ ለፈረንጅ አገር ነው፤ ለበረዶ። ለእኛ አገር አይሆንም» ይልሃል። ፋብሪካው ይህን ያህል ደክሞ የሠራውን ሲያወጣው ፊቱ ላይ ያለው ርኅራኄ ነው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሌሊቱን ከ10 ዲግሪ በታች እንደምትወርድ፣ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን እንደሚጠጣና ቶሎ እንደሚያልቅ ብትነግረው «እሺ፣ ይግባ ካልክ ይግባ» ይላል፤ አይገባም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያወጧቸውን ቴርሞስታቶች በሽቦ ሰክተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋቸው አይቻለሁ፤ አዳኝ ቀንድ እንደሚሰቅል ሁሉ። መኪና ተፈትቶ ሲገጠም የሚተርፉት ብሎኖችም በቆርቆሮ ተጠራቅመው ከሥሩ ተቀምጠዋል። «ትርፍ ናቸው» ነው የሚባለው። ጃፓኖች ብሎን አብዝተው የሚልኩልን በየዋህነት ይመስላል።

ከሕመሙ ሁሉ አስቸጋሪው ግን ድምፅ ነው። የቆመ መኪና ቢያንስ ቆሟል። ድምፅ የሚያወጣ መኪና ባለቤቱን ተዋናይ ያደርገዋል። አንድ የተከበሩ የመምሪያ ኃላፊ፣ ስብሰባ ላይ «ጥሩ» ለማለት እንኳ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው፣ ቱታ በለበሰ ጎረምሳ ፊት ቆመው ሰምቻቸዋለሁ።

«ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና... አይ፣ እንደሱም አይደለም። ቀጭ! ቀጭ!»

«ሲዞሩ ነው ወይስ ቀጥ ብለው ሲሄዱ?»

«ስዞር።»

«ወደ የት ሲዞሩ?»

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፍነው የሌለ መሪ በሁለት እጃቸው አዞሩ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ... ወደ ግራ!»

«የቀኙ ጆይንት ነው» አለ ልጁ፤ ፊቱን ሳያጠፋ።

እውነቱን ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የሚሰማ ቀጭ ቀጭታ የፊት ጆይንት ነው፤ ወደ ግራ ሲዞሩ ከሆነ ጭነቱ የሚያርፈው ቀኙ ላይ ነውና ጥርጣሬውም ወደዚያ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ተቀድዶ፣ ግራሶው ወጥቶ፣ በምትኩ አሸዋ ገብቶበት ነው። ላስቲኩ እንደተቀደደ ቢደረስበት በላስቲክ ዋጋ ይታለፍ ነበር። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየጎላ የሚሄድ ጉርምርምታ ኩሽኔታ ነው። ጠዋት ጭርርር ብሎ ጎረቤት ቀስቅሶ የሚጠፋው የላላ ቺንጊያ ነው። ጉድጓድ ላይ ጓ የሚለው ቦኮላ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ መንገድ ላይ ግን ጓ የማይል መኪና ካለ እሱ ነው መመርመር ያለበት።

የድምፅ ክፋቱ ዓይን አፋርነቱ ነው። ግቢ ውስጥ ይጮኻል፣ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ የጋራዡን በር ሲያይ ጭጭ። መካኒኩ አብሮ ገብቶ ሰፈሩን አንድ ዙር ይዞራል፤ መኪናው ጨዋ ይሆናል። መካኒኩ ወርዶ በሩን ዘግቶ ዞር ሲል፣ ቀጭ። አንዲት እትዬ ይህን በዘዴ አሸንፋለሁ ብለው ድምፁን በስልካቸው ቀርጸው አመጡ። መካኒኩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በጥሞና አዳመጠ። ቀረጻው ውስጥ የሰፈሩ ውሻ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያና የእትዬ «አቤቱ ፈጣሪዬ» ጥርት ብለው ይሰማሉ። ድምፁ የለም። «እትዬ፣ ይሄ የሞተር አይደለም፤ ውሻው ታሟል» አላቸው።

አልነሳ ማለትም የራሱ ምልክት አለው። ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ ወይም ጠቅጠቅጠቅ እያለ ከተንቀጠቀጠ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፉ ላይ የበቀለው ነጭ ዱቄት ገመዱን በልቶታል። አንዴ ብቻ ጠንከር ያለ ጠቅ ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ካልፈዘዘ ሞተሪኖውን መጠርጠር ነው። ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ወደ ቤንዚኑና ወደ እሳቱ መሄድ ይሻላል። አንዲት ትንሽ ቴስተር ብትኖር ደግሞ ክርክሩን ሁሉ ትዘጋዋለች፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ካነበበች ባትሪው ሙሉ ነው፣ ከ12 በታች ከወረደች ባዶ ነው፣ ሞተር ተነስቶ 14 አካባቢ ካልደረሰች ደግሞ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቺንጊያው ነው።

ግን መግፋት እያለ ማን ቴስተር ይፈልጋል?

መግፋት ከሁሉም በፊት የተገኘ የመንገድ አገልግሎታችን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ሲያደርስ በመንገዱ ላይ ማደያም ጋራዥም አልነበረም። ሰው ግን ነበረ፤ ግፊያው ያኔ ሳይጀመር አልቀረም። ዛሬም መንገድ ላይ «ወንድሞቼ፣ እባካችሁ» ማለት ይበቃል፤ ስሙን የማታውቀው ሰው ጫማው ጭቃ እየገባ ይገፋልሃል፤ ሞተሩ ሲነሳ አብሮህ ይጮኻል፤ ምስጋና ሳይጠብቅ ጥሎህ ይሄዳል። ስለ ከተማችን ሰው ክፉ የሚያወራ ሁሉ መኪናው እንዲቆምበት እመኛለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ደግነቱ ከካምቢዮው ጋር ሲጋጭ ነው። ባለ ማኑዋል መኪና ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ይገፋል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፤ ይነሳል። አውቶማቲክ ግን ቢገፉት አይነሳም። ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው በዘይት ግፊት ነው፤ የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞረው ደግሞ ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተሩ ቆሟል። ቦሌ አካባቢ አንዲት ወጣት ቪትዟ ቆማባት ሕዝቡ ደረሰላት። «ኧረ አውቶማቲክ ነው!» ትላለች። «አንቺ ዝም ብለሽ መሪ ያዢ!» ይሏታል። አራት ጎረምሳና አንድ ጎልማሳ ጃኬታቸውን አውልቀው ገፉ። ቁልቁለት ነበርና መኪናዋ በረረች፤ የጎረምሶቹ ሞራል አብሯት በረረ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቆመች። ጎልማሳው ላቡን እየጠረገ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና ሁላችሁም የምታውቁትን ፍርድ ሰጠ። አምስቱም በሰላም ተበተኑ። ልጅቷ ከቆመችበት አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከማታውቀው ሰፈር ወደ ወንድሟ ደወለች።

ሕመሙ ከታወቀ መድኃኒቱ መርካቶ ነው፤ ሶማሌ ተራ። እዚያ የሚገባ ሰው የመኪናውን ስም፣ የተሠራበትን ዘመንና የሞተሩን ዓይነት በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ካላጠና ባለሱቁ እንደ መልኩ አይቶ ይሰጠዋል።

«የውኃ ፓምፕ አለህ?»

«የትኛውን ልስጥህ? አዲስ ኦርጅናል አለ፣ አዲስ ኮፒ አለ፣ ያገለገለ ኦርጅናል አለ።»

«ኦርጅናሉ የእውነት ኦርጅናል ነው?»

«ወንድሜ፣ ካርቶኑን እየው!»

ካርቶኑ ላይ የጃፓን ጽሕፈት አለ። ካርቶኑ የጃፓን መሆኑን እኔም አልክድም። ስለዚህ ብዙ መካኒኮች ከአዲሱ ኮፒ ይልቅ ከዱባይ ከተፈታ መኪና የወጣውን አሮጌ ይመርጣሉ፤ ቢያንስ አንድ ዕድሜ ኖሮ አሳይቷል። አስተዋይ ሰው የተበላሸውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ የብሎን ቀዳዳ ይቆጥራል። የራሱን ስፖኪዮ ማታ አጥቶ ጠዋት በገንዘቡ መልሶ ስለገዛው ሰው የሚወራውን ቀልድ ሁሉም ሰው የሚያወራው «የአጎቴ ልጅ ላይ የደረሰ» ብሎ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ አንድ የአጎት ልጅ አለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ መኪና ለምን ቢባል ሒሳቡ ቀላል ነው። ድሮም ቀረጡ የሚያስደነግጥ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። እዚህ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ባለበት ቆሞ ዋጋው ወጣ። ሌላው ዓለም መኪና ገዝቶ ሲከስር፣ እኛ ነድተን፣ ጭረን፣ ሞተር አውርደን በትርፍ እንሸጣለን። ጋሼ ኮሮላቸውን በገዙበት ዋጋ ዛሬ ጎማ ይገዙበት እንደሆነ እንጃ፤ እሷን ግን ቢሸጧት የልጅ ሠርግ ትደግሳለች።

አንድ የማይቀለድበት ዕቃ አለ፤ ፍሬን። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። በከፍተኛ ማርሽ ለቆ፣ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሹፌር መጀመሪያ የሚቃጠል ነገር ይሸተዋል። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ድረስ የማይፈላው ዶት 3 እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ መኪና አያቆምም። የድሮ የጭነት መኪና ሹፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይሉ ነበር፤ አዲስ የሚጨመርበት ነገር የለም። በከተማ ውስጥ ደግሞ ብዙ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ እንዲጮኽ ተብሎ የተሠራች ትንሽ ብረት አለችበት። ስትጮኽ ሥራዋን እየሠራች ነው። የእኛ ሰው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

ፍሬን ባልያዘበት ወይም ናፍጣ ባለቀበት ቦታ የምናየው ሌላው ነገር ድንጋይ ነው። አይሱዙ ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዲጠነቀቅም ቅጠል ቆርጦ በየርቀቱ ያነጥፋል። ጥሩ ነው። ከዚያ መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይቀራል፤ ማታ በዚያው የሚመጣው ሌላው አይሱዙ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ባሌስትራውን ይሰብርና የራሱን ድንጋይ ይጨምራል። በአገራችን መንገድ ጠርዝ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ከተራራ የወረደ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ ከተማውን የኤሌክትሪክ መኪና እየሞላው ነው። ካንዴላ የለው፣ ጓርኒሲዮን የለው፣ የሚወርድ ዘይት የለው። ጎረቤታችን አንድ ወጣት ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ በጋሼ ኮሮላ ጎን ሲያቆማት ጋሼ ለረጅም ጊዜ ተዘዋውረው ካዩዋት በኋላ «ታዲያ ምን ይሰማል?» ብለው ጠየቁት። «ምንም አይሰማም፣ ጋሼ።» «እሺ፣ ምን ይበላሻል?» «ምንም።» ጋሼ አላመኑትም፤ አዘኑለት እንጂ።

ወጣቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከርሞ ሲመለስ መኪናው አልከፈት አለው። ሪሞቱን ቢጫን መልስ የለም። ሲያቆማት ባትሪዋ ሰማንያ ከመቶ ነበር። ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ግን የተቸገረ ሕዝብ ነው፤ የሚሸተት የለ፣ የሚነቀል ገመድ የለ። «ቻይና ሆኖ ዘግቶበት ይሆናል» ያለም ነበር። በመጨረሻ ያ የክዳኑ ልጅ ተጠራ፤ አሁን ቱታ ለብሷል። ከሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተደበቀች ቀጭን ቁልፍ ስቦ አወጣና በሩን ከፈተ፤ ከኮፈኑ ሥር አንድ መክደኛ አነሳና ቴስተሩን ሰካ። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚታዘዙት ከዚያች ከትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አይነቃም። ቴስተሩ ዘጠኝ ቮልት አለ።

«ይሄማ የእኔ ኮሮላ ባትሪ ነው!» አሉ ጋሼ፤ ከስንት ወር በኋላ ፊታቸው በራ።

ልጁ ገመድ አመጣ። ኮሮላዋ ተጠግታ ቆመች፤ ጋሼ ራሳቸው ገብተው አስነሱ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ነዳጅም ረገጥ ረገጥ አደረጉላት። ጥቂት ቆይቶ የኤሌክትሪኳ መኪና መብራቷ ቦግ አለ፤ ስክሪኗ በቻይንኛ ሰላምታ ሰጠች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወጣቱ ጋሼን ዝቅ ብሎ አመሰገነና ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ጋሼ ከመስኮቱ እጃቸውን አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ የቤንዚኑን ሒሳብ ሳንረሳው።»